የላይኛው ጣቢያ

ባንጋሎር፣ ህንድ
ጥቅምት 19 ቀን 2002 ዓ.ም.

ውድ ፅዮኔ፣

እንደምን ሰንብተሻል? አባትሽ ጋሽ ሸዋንዳኝስ እንዴት ናቸው? አንቴናዬን ከጣሪያቸው ላይ ነቅለው እስካልጣሉት ድረስ ደህና ናቸው ብዬ ነው የማስበው።

«ኢሜይል እያለ ለምን ፖስታ?» ላልሽኝ፣ የዩኒቨርሲቲውን ላብ ኢሜይል ስንት ሰው እንደሚከፍተው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ባለፈው «ናፍቀሽኛል» ያልኩሽን ባልደረባችን ጥዑመልሳን አንብቦ ለመምህራኑ ሁሉ አላወራውም? ከዚያ ወዲህ ወስኛለሁ። ዳታውን በኢንተርኔት፣ የሆዴን በፖስታ።

አባባ «ልጄ እዚያ አገር ምን ይማራል?» ብሎ ለጠየቀሽ ደግሞ እንዲህ በይው። ጨንቻ ላይ ዝናብ ሲጥል በግቢው የተከልናት የዝናብ መለኪያ ጣቢያ በሬዲዮ ሴቻ ላለው አንቴና ትናገራለች፣ ከሴቻ ቆላ ላንቴ መንደር ላሉት የሙዝ ገበሬዎች ይደወላል፣ እነሱም ወንዙ ሳይሞላባቸው ልጃቸውንና ከብታቸውን ያሸሻሉ። ይህን ያውቀዋል። እኔ የምማረው ጣቢያዋ ዝም ስትል ነው። ተበላሽታ ነው? ባትሪዋ ደክሞ ተኝታ ነው? ወይስ እየተናገረች ሳለ ሳንሰማት ቀርተን ነው? ይህን በሩቅ ሆኖ መለየት ነው ሥራዬ። ልጅህ ይህን ሁሉ ዓመት የሚጽፈው ስለ ዝምታ ነው በይው፣ ይስቃል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። እዚህ አብሮን የሚማር ይበልጣል የሚባል ልጅ አለ። እናቱ ከሞተች ከመንፈቅ በኋላ ነው የሰማው። ሲደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች»፣ ሲደውል «ጠበል ሄዳለች» እያሉ አቆዩት። ልጁ አሁን ከሰው ጋር አይነጋገርም። የቤተሰቡ ነገር አልወጣለት አለ፤ ከሞቱ ይልቅ መታለሉ በላው።

የእኔንም ቤተሰብ አውቃለሁ። ወንድሜ ዳምጤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ «ሰላም ነው» የሚል ሰው ነው። እህቴ ስመኝ ስትዋሽ ድምፅዋ አያስታውቅባትም። አባባ ጆሮው ከከበደ ወዲህ በስልክ አይሰማኝም። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። አባባ ቢታመም ንገሪኝ። አውሮፕላን አለ፣ እመጣለሁ። ቃል ግቢልኝ።

ስጨርስ አባባ ራሱ ሽማግሌዎቹን ይዞ ሴቻ ሊወርድልን ነው። ለጋሽ ሸዋንዳኝ ምን እንደሚል ከአሁኑ ይለማመዳል አሉ።

ያንቺው ማርቆስ ኦይታ

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለማርቆሴ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔም፣ አባቴም፣ አንቴናህም ደህና ነን። አባቴ «ይህ ብረት አንድ ቀን መብረቅ ይጠራብኛል» ማለቱን አልተወም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ስለሌለ አንተን ነው የሚቆጣጠረው። ባለፈው ግን መሰላል አስደግፎ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አገኘሁት። «ሽቦው ላልቶ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ፣ አፍሮ። አይወደኝም ብለህ አትስጋ።

ቅዳሜ ጨንቻ ወጥቼ የጠየቅከኝን ሁሉ አየሁ። አባባ ኦይታ የሶላሩን መስታወት በየማለዳው፣ ሸማ ለመሥራት ሳይቀመጡ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉታል። ጉሙ አድሮበት ውኃ ሆኖ ነው የሚነጋው። እሳቸው ባይኖሩ ባትሪው ሳምንት አይቆይም ነበር። ስለ ዝምታ እንደምትማር ስነግራቸው ሳቁ። «እሱ? ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ዝም ብሎ አያውቅ፣ ምኑን ያውቀዋል?» አሉኝ። ትንሽ ያስላቸዋል፤ ስመኝ የጉሙ ነው ብላለች። ለሠርጋችን ጋቢ ጀምረዋል። ላየው ስል ሸፈኑብኝ።

ባለፈው ሰኞ ዝናቡን አይተን ላንቴ ደወልን። ሀይሌ፣ ያ ሙዝ ሲያስጭን አግኝተነው ስልኩን የሰጠን ገበሬ፣ ከብቱን አሻግሮ ሳይጨርስ ወንዙ ሞላ አለኝ። «ሙዙን ወሰደው፣ ሰው ግን አልነካም» አለ። ይህን በጽሑፍህ አስገባው። ፈታኞችህ ካልገባቸው ሀይሌን እንልክላቸዋለን።

በይበልጣል እናት ሳላውቃት አለቀስኩ። እኔም ይህን ልማዳችንን አልወደውም። ሚስት ሊያገባ የደረሰ ሰው እንደ ሕፃን ይታለላል? ቃሌን ሰጥቼሃለሁ ማርቆስ። አባባ ኦይታ ራሳቸውን እንኳ ቢያማቸው ትሰማለህ። የሚቆጣኝም ይቆጣኝ።

ራስህን ጠብቅ። ያንን ቅመም የበዛበትን ምግብ ደግሞ ልመደው፣ ከስተሃል አሉ።

ፅዮንህ

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
የካቲት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ማርቆስ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። አባባ ኦይታ ትናንት፣ ሰኞ፣ አረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ነው ይህን የምጽፍልህ፤ እግሬ ላይ ያለው የጨንቻ ጭቃ ገና አልደረቀም።

ሳንባቸው ነው አሉ። ሳሉ ከጥምቀት ወዲህ ጠንቶባቸው ነበር፤ እኔም ባለፈው ደብዳቤዬ «ጉንፋን ቢጤ» ብዬ አለፍኩት። ያኔ እውነትም ጉንፋን መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ጉንፋን እንዳልሆነ አውቄያለሁ።

ዳምጤ ከቀብር መልስ ሰብስቦን «ማርቆስ ትምህርቱን እስኪጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አለ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ሲመጣ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ ደግፎ ይነግረዋል፣ ብቻውን በሰው አገር ቢወድቅ ማን ያነሳዋል አለ። ሽማግሌዎቹም ልክ ነው አሉ። እኔ ምን ልበል? ገና ያልገባሁበት ቤት ነው። ከሁሉም ፊት ተነስቼ «ቃል አለብኝ» ልበል? አቀረቀርኩ።

ስወጣ የጣቢያዋ ምሰሶ ሥር ቆምኩ። መስታወቱ ጉም ለብሷል። የነካው ሰው የለም። ባትሪው መውረድ እንደጀመረ እዚያ ሆነህ እያየኸው ነው፤ ዝም ያለውን መለየት አይደል ሥራህ? በነጠላዬ ወለወልኩት። እያለቀስኩ ወለወልኩት፣ የወለወልኩትን መልሼ አረጠብኩት።

የመጨረሻውን ሳምንት ልጽፍልህ አቅም የለኝም። ይህን ደብዳቤ ነገ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። ይቅር በለኝ። አባትህ ሞተዋል፣ ማርቆስ።

ፅዮን

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
የካቲት 12 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለውድ ማርቆስ፣

ሰላም ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የላይኛው ጣቢያ ባትሪ ሰኞና ማክሰኞ ለምን ወረደ ብለህ በኢሜይል ለጠየቅከኝ፣ ጉሙ በጣም ከብዶ ነበር። አሁን ተወልውሏል፣ አየኸው አይደል? አባባ ኦይታም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል።

የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛልና ስላሳጠርኩብህ ይቅርታ። ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሃለሁ።

ፅዮን

---

ባንጋሎር
ሚያዝያ 6 ቀን 2002 ዓ.ም.

ፅዮንዬ፣

ደብዳቤዎችሽ አጠሩ። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሥራ በዝቶብሽ ከሆነም እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ሁለታችንም የመረጥነው ነው።

በላይኛው ጣቢያ ንባብ ላይ አንድ ነገር ጎድሎብኛል። ባትሪው ደህና ነው፣ ሲግናሉም ደህና ነው፣ ከመስታወቱ የሚመጣው ንባብ ላይ ግን በፊት በየማለዳው የማያት አንዲት ነገር የለችም። ምን እንደሆነች አልጽፍልሽም፣ ያሳፍረኛል። ብቻ ከየካቲት ወዲህ አላየኋትም። ፕሮግራሙን ሁለቴ እንደገና ጻፍኩት። ለአማካሪዬ ሳሳየው «ሳይንስ የሚሠራ ሰው ዳታውን ነው የሚያምነው» አለኝ። እኔ ግን አንቺ «አባባ ደህና ናቸው» ብለሽኝ የለ? ስለዚህ የተበላሸው ሴንሰሩ ነው ብያለሁ። አዲሱን በአንድ ጓደኛዬ እጅ ልኬልሻለሁ፣ ቀይሪልኝ።

በግንቦት ሁለት ሳምንት ፈቃድ አለኝ። አባባ ደህና ከሆነ እዚሁ ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ልጨርስ። ደህና ካልሆነ ግን ጽሑፉ ገደል ይግባ፣ ነገ ልነሳ። ዳምጤን አልጠይቀውም፣ መልሱን አውቀዋለሁ። አንቺን ነው የምጠይቀው። ልምጣ?

ማርቆስ

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ሚያዝያ 28 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለማርቆስ፣

አትምጣ። እዚህ ደርሰህ ሥራህን አቋርጠህ ምን ትሠራለህ? ጨርሰህ ና።

ሴንሰሩን ቀይሬዋለሁ። ስመኝ መሰላሉን ያዘችልኝ። ሽቦውንም አጠበቅኩት፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ውኃ አደረቅኩ። ከዚህ በኋላ ንባቡ ካልተስተካከለ እኔ ሌላ የማውቀው ብልሽት የለም።

ደህና ናቸው።

ፅዮን

---

ባንጋሎር
መስከረም 7 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፅዮኔ፣

ጨረስኩ። ትናንት ከፈታኞቹ ፊት ቆሜ ወጣሁ። ይበልጣል በር ላይ ቆሞ ጠብቆኝ አቀፈኝ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት።

ያችን የጎደለች ንባብ «የሴንሰር ብልሽት» ብዬ ጽፌ አሳለፍኳት። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ማንም አልጠየቀኝም።

ለአባባ የጆሮ መሣሪያ ገዝቼለታለሁ፣ ከጆሮ ኋላ የምትቀመጥ ትንሽ። ከእንግዲህ ስልክ አልሰማም ማለት የለም። ለአንቺ የገዛሁትን አልነግርሽም። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ አጎቴ ሽሮ ሜዳ አሳድሮኝ በማግስቱ ወደ እናንተ። ደስታዬን የምጽፍበት ቃል አጣሁ።

ማርቆስሽ

---

ጨንቻ
ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለፅዮን ሸዋንዳኝ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የሚኒባሱ ሾፌር ነው። ከዚህ ሆኜ ሰማዩ ሲጠራ ሴቻ ይታየኛል። ለምን እንዳልወረድኩ ጠይቀሽ ስለላክሽብኝ እነግርሻለሁ።

ሽሮ ሜዳ አጎቴ ቤት አደርኩ። ማለዳ ከመኝታ ስወጣ ሳሎኑ ጋቢ በለበሱ ሰዎች ሞልቷል። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ሲይዙኝ «ተዉኝ፣ ከየካቲት ጀምሮ አውቀዋለሁ» አልኳቸው። ያበድኩ መሰላቸው።

ያችን ያፈርኩባትን ነገር አሁን ስሚ። ከመሄዴ በፊት ለአባባ አንድ ነገር አስተምሬው ነበር። «መስታወቱን ከወለወልክ በኋላ መዳፍህን ጫንበትና አባታችን ሆይን ድገም፤ ብርሃኑ ሲሸፈን እኔ እዚያ ሆኜ አየዋለሁ» አልኩት። ጆሮው ስልክ አይሰማ፣ ደብዳቤ አያነብ፣ በምን ይገናኘኝ? በየማለዳው ጸሎቱን እስኪጨርስ ንባቡ ይወርድና ይመለስ ነበር። እኔም ባንጋሎር ላይ አብሬው እደግም ነበር። ለአንቺም ያልነገርኩሽ ዳታ በገዛ እጄ ማበላሸቴ አሳፍሮኝ ነው። አንቺ የምታዪው የሰዓቱን አማካይ ነው፤ በአማካይ ውስጥ የአባባ መዳፍ አትታይም።

የካቲት 8 ቀረች። ባትሪው ሲመለስ እሷ አልተመለሰችም። መሣሪያዬ እውነቱን ነገረኝ፣ በማግስቱ ነገረኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ስለ መዳፉ ልጽፍልሽ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ፈራሁ። ደግሞም ፅዮን ቃል ገብታለች አልኩ። አንቺን አምኜ መሣሪያዬን ከሰስኩ። የአባቴን ሞት የሴንሰር ብልሽት ብዬ ጽፌ ዶክተር ተባልኩበት። ያ ገጽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል፣ ላወጣው አልችልም።

«ግንቦት ላይ ልምጣ?» ብዬሽ ነበር። የመንፈቁ ተዝካር እንኳ አላለፈም ነበር፣ እደርስ ነበር።

የዳምጤ አልከፋኝም፣ ከእሱ የምጠብቀው ነው። ያንቺ ግን አንጀቴን ቆረጠው። አትምጪ፣ አትጻፊልኝ።

ማርቆስ

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ኅዳር 10 ቀን 2003 ዓ.ም.

ማርቆስ፣

አትጻፊ ብለኸኛል፣ አውቃለሁ። ስለ መዳፉ አላውቅም ነበር። ባውቅ ምን አደርግ እንደነበር ሳስበው ያስፈራኛል።

ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ የምለው የለኝም።

ፅዮን

---

ጨንቻ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፅዮን፣

ልቋቋመው የማልችለው ንዴት ነበር፤ አሁን ደከመኝ። አባትሽ ባለፈው እዚህ ድረስ ወጥተው ነበር። በዚያ ጉልበታቸው፣ በዚያ ዳገት። አቅፈውኝ አለቀሱ፣ ስለ አንቺ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሲወጡ ብቻ «አንቴናው አለ፣ አልነካሁትም» አሉኝ።

ስመኝ ደግሞ አንድ ነገር ነገረችኝ። አባባ ራሱ ነው የከለከለው አለችኝ። «ልጄ እስኪጨርስ አትንገሩት» ብሏል አለችኝ። ይህን ለምን አልጻፍሽልኝም? እንዲህ ከሆነ የታዘዝሽው አባቴን ነው። የሟች ቃል ነው። አባቴን የታዘዘችውን ሴት ልቀየም አልችልም።

ዓመቱ ሲወጣ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ዳምጤንም አናግሬዋለሁ። አባባ የሸመነው ጋቢ አለ፣ ስመኝ አስቀምጣዋለች። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባባ እንዲህ ማለቱን ከአንቺ አፍ ልስማው። አዎ በይኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።

ማርቆስ

---

ሴቻ፣ አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ማርቆስ፣

ደብዳቤህን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። «አዎ» ብዬ ጽፌ፣ ፖስታውን አሽጌ፣ በቦርሳዬ ይዤው ሲቀላ ፖስታ ቤት ድረስ ወርጃለሁ። ከዚያ ተመለስኩ።

ስመኝ አልዋሸችህም። ጥር ላይ፣ ሳሉ ሳይከፋ፣ «እስኪጨርስ አትንገሩት» ብለዋል። እሷ የሰማችው ይህንን ነው። በኋላ ግን ከበዳቸው። ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት፣ ስመኝ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ፣ እኔና ዳምጤ አጠገባቸው ሆነን፣ «ማርቆስን ጥሩልኝ» አሉ። ቁርጥ አድርገው ነው ያሉት።

ዳምጤ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ነሽ የዩኒቨርሲቲውን ነገር የምታውቂው። ይደርሳል? ቢመጣስ ምን ይሆናል?» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያማው ዳምጤ ልጥራው ብሎ ነበር፣ ስልኩንም አውጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ጽሑፍህን ልታስገባ ጥቂት ነው የቀረህ፣ ከመጣህ ዓመቱ ያልፍብሃል፣ ዓመቱ ካለፈ የትምህርት ዕድሉ ይቋረጣል፣ ይድናሉ፣ እናሳክማቸዋለን አልኩ። ይድናሉ ብዬ እውነት አምኜ ነበር? አላውቅም። ከዚህ ጋር የቀብሩ ዕለት ጽፌ ያልላክሁትን ደብዳቤ አያይዤልሃለሁ። እሱ ላይ እንኳ ነገሩን በዳምጤ ላይ አሳብቤያለሁ። ለራሴም ስዋሽ ነበር ማለት ነው።

አባባ ኦይታ ግን መጠየቃቸውን አልተዉም። «ተነግሮታል?» ይሉኛል። በጆሯቸው ተጠግቼ «ተነግሮታል» አልኳቸው። በማግስቱ «ተነስቷል?» አሉ። «ተነስቷል» አልኳቸው። ቅዳሜ «አዲስ አበባ ደርሷል» አልኩ። እሑድ «ሶዶን አልፏል» አልኩ። መኪና ባለፈ ቁጥር የሚሰሙ ይመስል ቀና ይሉ ነበር፣ በዚያ ጆሯቸው። እስከ እሑድ ድረስም በየማለዳው ስመኝ ደግፋቸው ወደ መስታወቱ ይወጡ ነበር። እንደ መድኃኒት መስሎኝ ነበር። አንድ ከዋሸሁ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።

ሰኞ ማለዳ ሸማ የሚሠሩበት ቦታ ወስደን እንድናስቀምጣቸው ለመኑን፣ ከዚያ መንገዱ ይታያል። ስመኝን «ቆጮ ጋግሪ፣ ዳጣም ፍጪ፣ መንገደኛ ርቦት ነው የሚመጣው» አሏት። እሷም ምን እንደሚሉ ሳይገባት ጋገረች። እኔ አብሬያት እሳት አነደድኩ። ስንመለስ አርፈው ነበር።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይህ ነው። መልሱ አዎ አይደለም። አባትህ ጠርተውህ ነበር፣ ጊዜም ነበር፣ ከመሃል የቆምኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌ እንዳትልክ። አባቴም ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶ ወደ ጓዳ ገባ፣ እስካሁን አላናገረኝም።

እወድሃለሁ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ነበር የምትቀርልኝ፣ ግን ከዚያ በኋላ ደህና ነኝ ባልኩህ ቁጥር አባባ ኦይታ መንገድ መንገዱን ሲያዩ ይታዩኝ ነበር።

ቆጮው ገና ትኩስ ነበር። ለአንተ የተጋገረውን ለለቅሶ የመጣው ሰው በላው። እኔም በልቻለሁ።

ፅዮን